ሁለት ቅባት፣ አንድ መልክ

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤታቸው በሐድያ፣ በሚሻ ወረዳ፣ ሞርሲቶ አጠገብ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥጃ ትጠብቃለች። ጥጃውን በጣም ትወደዋለች። አንገቱን አቅፋ ትቀመጣለች።

ባለፈው ዓመት የበልግ ዝናብ ሲጀምር በግራ ክንዷ ላይ አንድ ክብ ነገር ወጣባት። ሳንቲም ያክላል። ዳር ዳሩ ከፍ ያለና ቅርፊት ያለው ነው። መሐሉ ግን ደህና ቆዳ ይመስላል። ያሳክካታል።

እህቴ አየችና «ይሄማ ጭርት ነው» አለች።

ልክ ነበረች። ጭርትን ብዙ ጊዜ እናት ትለየዋለች። ስሕተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዲት ጎረቤት ቡና ሊጠጡ መጡ። ልጅቷን አዩአት። «ለዚህማ ቅባት አለ እኮ! ስሙ ክሎ... ክሎ ነገር ነው። እኔ ቤት አለ። ለእጄ ከሐኪም የተሰጠኝ ነው። በአንድ ሳምንት ነው ያዳነኝ» አሉ። ሄደው አመጡት። ትንሽ ቱቦ ናት። ግማሿ አልቋል። ውስጧ ነጭ ቅባት አለ።

እህቴ ጠዋትና ማታ ቀባቻት። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ። ቆዳውም ለሰለሰ። እህቴ ደስ አላት። ለጎረቤቷ ቅቤ ላከችላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ቅባቱ አለቀ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። ማሳከኩ ተመልሶ መጣ፤ ያውም በርትቶ። አንድ የነበረው ቦታ ክንዷን ሞላው። ወደ ትከሻዋ ወጣ። አንገቷ ላይም ታየ። አሁን ክብነቱ ጠፍቷል። ዳሩ አይለይም። ያየ ሰው ሁሉ የተለየ ስም ይሰጠው ጀመር። አንዱ «ችፌ ነው» ይላል። አንዷ «ምች ነው» ትላለች። ሌላው «የሰው ዓይን ነው» አለ።

እኔ ለፋሲካ ሄጄ ነው ያየኋት። ሌሊት ስታክ ቀሰቀሰችን። ጠዋት ልጅቷን ይዘን ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ሄድን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አየቻትና «ይሄ ለእኔ ግልጽ አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት» አለችን። ይህን በማለቷ አከበርኳት። የማያውቁትን አላውቅም ብሎ ወደሚያውቅ መላክ ትልቅ ሕክምና ነው።

«ምን ቀባችኋት?»

በጤና ጣቢያው ያገኘነው ጤና መኮንን ወጣት ነው። አገር ምድሩ ግን «ዶክተር» ነው የሚለው። መጀመሪያ ልጅቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አመጣት። ልብሷን አስወልቆ ክንዷን፣ ጀርባዋን፣ የራስ ቅሏን፣ የጣቶቿን መሐል ሁሉ አየ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ።

«መጀመሪያ ሲወጣ ምን ይመስል ነበር?»

«ክብ ነበር፣ ዶክተር። ይህችን ታክል ነበር» አለች እህቴ፣ በጣቷ እያሳየች።

«ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ?»

«የለም።»

«ከብትስ?»

እህቴ ሳቀች። ለልጇ የመጣች እንጂ ለከብት የመጣች አይደለችም። ልጅቷ ግን ቶሎ መለሰች። «ጥጃዬ ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ነገር አለው» አለች።

ጤና መኮንኑ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎም «ምን ቀባችኋት?» አለ።

እህቴ «ምንም» አለች።

ውሸቷን ነበር። ፈርታ ነው። እንዳይቆጣት ነው። እኔ ግን ባዶውን ቱቦ በኪሴ ይዤው ነበር። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እህቴ መሬት መሬቱን አየች።

ጤና መኮንኑ አልተቆጣም። ቱቦውን አገላብጦ አነበበ። «እህቴ፣ ይህን ባታመጡልኝ ኖሮ እኔም እሳሳት ነበር። በሽታው መልኩን የለወጠው በዚህ ምክንያት ነው» አላት።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከሐኪም ፊት ስንቀርብ የቀባነውን እንደብቃለን። ነጭ ሽንኩርት ቀብተን እንደብቃለን። ቤንዚን ቀብተን እንደብቃለን። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲቆይ እንደ እሳት ያቃጥላል። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ከበሽታው ይሁን ከሽንኩርቱ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ የቀባችሁትን ሁሉ ተናገሩ። ቱቦው ካለ ቱቦውን፣ ቅጠሉ ካለ ቅጠሉን ይዛችሁ ሂዱ።

ክሎ እና ክሎ

ጤና መኮንኑ ከመሳቢያው ሌላ ቱቦ አወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ሁለቱም ውስጣቸው ነጭ ነው። የሁለቱም ስም በ«ክሎ» ይጀምራል።

የአንዱ ስም ክሎትሪማዞል ነው። የሌላው ስም ክሎቤታሶል ነው።

ቀስ ብላችሁ ደግማችሁ አንብቧቸው። ክሎ-ትሪማ-ዞል። ክሎ-ቤታ-ሶል። መጀመሪያቸው አንድ ነው። መጨረሻቸውም ይመሳሰላል። የሚለዩት መሐል ላይ ነው። ሥራቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ክሎትሪማዞል ፈንገስን ያጠፋል። ጭርት የሚመጣው ከፈንገስ ነው። ፈንገስ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። እርጥበት ያገኘው እንጀራ ሲሻግት አይታችኋል። ሻጋታው ፈንገስ ነው። ጭርትን የሚያመጣው የዚያ ዘመድ ነው። በቆዳ ላይ፣ በፀጉርና በጥፍር ላይ ይኖራል። ከመሐል ወደ ዳር እየበላ ስለሚሄድ ነው ክብ የሚሠራው።

ክሎቤታሶል ግን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስቴሮይድ ፈንገስ አይገድልም። ሥራው የቆዳን ቁጣ ማብረድ ነው። ሰውነታችን ራሱ፣ ከኩላሊት በላይ ባሉ ትንንሽ ዕጢዎች፣ ይህን የመሰለ ነገር ይሠራል። ሐኪሞች በ1944 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለውን ለስላሳ ዓይነት በቅባት አድርገው ለቆዳ ሰጡ። ለችፌ በሽተኞች ትልቅ እረፍት ሆነላቸው። ከዚያ በኋላ ኃይለኞቹ መጡ። ቤታሜታዞን አንዱ ነው። ክሎቤታሶል ከሁሉም ኃይለኞች ወገን ነው።

የጎረቤታችን እጅ የተሰነጣጠቀው በችፌ ነበር። ችፌ ከፈንገስ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ ክሎቤታሶሉ ለእሳቸው ልክ ነበር። ሐኪሙም ለአጭር ጊዜ ብለው ነበር የሰጧቸው። መድኃኒቱ ጥፋት የለበትም። ጎረቤታችንም ክፉ አላሰቡም። ቅባቱ ወደ ሌላ ሰው ቆዳ፣ ወደ ሌላ በሽታ ተሻገረ፤ ይኸው ነው።

ታዲያ በሦስተኛው ቀን ለምን ተሻላት? ጤና መኮንኑ ለእህቴ ያስረዳት እንዲህ ነው።

«ሌሊት ጅብ ሲመጣ ውሻሽ ይጮሃል አይደል? ማሳከክ የውሻው ጩኸት ነው። ቆዳዋ ‹ጠላት ገብቷል› እያለ ነው የሚጮኸው። ይህ ቅባት ውሻውን ዝም አሰኘው። አንቺ ጅቡ የሄደ መሰለሽና ተኛሽ። ጅቡ ግን ተመቸው።»

እህቴ ዝም ብላ ሰማች። ቆይታ «ቅቤ ልኬላቸው ነበር እኮ» አለች። ሁላችንም ሳቅን።

ስቴሮይድ ያለ ቦታው ሲቀባ የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ብቻ አይደለም። ኃይለኛው ዓይነት ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ቆዳን ያሳሳል። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሆናል፤ በቀላሉ ይላጣል። እንደ እርግዝና ምልክት ያለ መስመር ያወጣል፤ ያ መስመር አይጠፋም። ፊት ላይ ብጉር ያበዛል። ዓይን አጠገብ ሲቆይ ዓይንን ይጎዳል። የልጆች ቆዳ ስስ ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል።

በገበያም ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ የተደባለቀበት ቅባት አለ። ስቴሮይድም፣ የፈንገስ መድኃኒትም፣ የቁስል መድኃኒትም በአንድ ቱቦ ማለት ነው። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ ይሸጣል። እኔ ለሁሉም ይሆናል የተባለ ነገር ስሰማ እፈራለሁ። ስቴሮይዱ ውስጡ እስካለ ድረስ ውሻው ዝም ይላል።

እንዴት ዳነች?

የተሰጣት ክሎትሪማዞል ነው። ያዘዙላት እንዲህ ነበር። ጠዋትና ማታ ቦታውን በውሃና በሳሙና ማጠብ። በደንብ ማድረቅ፤ ፈንገስ እርጥበት ይወዳልና። ከዚያ በስሱ መቀባት። ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ቶሎ አያድንም። ከትልቅ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የወጣ ቅባት ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃል። ሌላው፣ የታመመውን ብቻ አለመቀባት ነው። ከዳሩ ወደ ውጭ፣ ወደ ደህናው ቆዳ፣ አንድ ጣት ያህል አልፎ መቀባት ያስፈልጋል። ፈንገሱ ዓይን ከሚያየው በላይ ሄዷል።

ትልቁ ነገር ግን ጊዜው ነው። ጭርት በሦስት ቀን አይድንም። ሁለት ሳምንትም አራት ሳምንትም ይፈጃል። መልኩ ከጠፋ በኋላም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት መቀባት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሲሻለው ይተወዋል። ቱቦውን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ወይም ለጎረቤት ይሰጠዋል።

ክሎትሪማዞል ካልተገኘ ዊትፊልድ የሚባል ቅባት አለ። በእንግሊዛዊ ሐኪም ስም የተጠራ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው፣ ርካሽ ቅባት ነው። ትንሽ ያቃጥላል፤ ግን ይሠራል። ፊት ላይና በተላጠ ቆዳ ላይ አይቀባም።

ጤና መኮንኑ የልጅቷን ፀጉር ለይቶ ያየው በምክንያት ነው። ጭርት ራስ ቅል ላይ ሲወጣ ቆረቆር ይባላል። ፀጉር ይረግፋል፤ ቅርፊት ይሠራል። ቆረቆርን ቅባት ብቻውን አያድነውም። ፈንገሱ በፀጉሩ ሥር ገብቶ ስለሚቀመጥ ቅባቱ አይደርስበትም። የሚያስፈልገው የሚዋጥ ኪኒን ነው። አንዱ ግሪዞፉልቪን ይባላል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። ከወተት ወይም ቅቤ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ነፍሰ ጡር ግን አትወስደውም። ስለዚህ በልጃችሁ ራስ ላይ ቅባት ለወራት እየለቀለቃችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ቅባቱን ተዉትና ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጥጃውስ? ዓይኑ ዙሪያ የነበረው ነጭ ቅርፊት የከብት ጭርት ነበር። ከጥጃ ወደ ሰው ይተላለፋል። በእኛ አገር በብዙ ቤት ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ልጅ ጥጃ ያቅፋል፤ አትቀፊ ቢሏትም አትሰማም። ጤና መኮንኑም ጥጃውን ሽጡት አላለም። ጥጃው ብዙ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ይድናል። እስከዚያ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይየው፤ ልጅቷም ከነካችው በኋላ እጇንና ክንዷን በሳሙና ትታጠብ አለ።

የሚያሳክክ ሁሉ ጭርት አይደለም

እህቴ ስትወጣ አንዲት ሴት በር ላይ አገኘቻት። ልጅ አዝላለች። የእህቴን ቱቦ አይታ «እስቲ ስሙን ንገሪኝ፤ የእኔም ቤት ሁሉ ያካል» አለቻት።

እህቴ አልነገረቻትም። «ግቢና አሳይ» አለቻት። በአንድ ቀን ተምራለች።

የሴትየዋ ቤት ሁሉ የሚያክ ከሆነ ጭርት መሆኑ ያጠራጥራል። ቤት ሙሉ ሰው ሲያክና ሌሊት ሲብስ መጀመሪያ የሚታሰበው እከክ ነው። እከክ ከፈንገስ አይመጣም። የሚያመጣው በዓይን በደንብ የማይታይ ትንሽ ተባይ ነው። ቆዳን ሰርስሮ ይገባል፤ እዚያው እንቁላል ይጥላል። የሚወደው ቦታ የጣቶች መሐል፣ የእጅ አንጓ፣ የመቀነት ቦታ፣ መቀመጫ፣ የብልት አካባቢ ነው። በሕፃን ደግሞ መዳፍና ውስጥ እግር ላይም ይወጣል።

የእከክ ነገር ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም.፣ የዝናብ እጥረት በነበረበት ጊዜ፣ በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። ውሃ ሲጠፋና ሰው ተጠጋግቶ ሲኖር እከክ ይስፋፋል። በዘመቻው ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ተመረመሩ። ከሦስቱ አንዱ ያህል እከክ ተገኘበት። ይህን ያህል ሰው በቅባት ብቻ ማዳረስ ስለሚከብድ አይቨርሜክቲን የሚባል ኪኒንም ታደለ። በፈረንጆች 2017 የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ለእከክ የሚሰጠው የሚቀባ መድኃኒት የተለየ ነው። ቤንዚል ቤንዞኤት የሚባል ፈሳሽ አለ። ፐርሜትሪን የሚባል ቅባት አለ። የድኝ ቅባትም አለ፤ ይሸታል፣ ነገር ግን ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይሆናል። አቀባቡም ከጭርት ይለያል። ጭርትን የሚቀቡት በበሽታው ቦታ ነው። እከክን ግን ከአንገት በታች መላ አካልን ነው። የጣት መሐል፣ የጥፍር ሥር፣ እምብርት ሳይቀር። ቤንዚል ቤንዞኤት ኃይለኛ ስለሆነ ለልጅ በውሃ ይቀጠናል፤ ስንት በስንት እንደሚቀጠን ባለሙያው ይናገር።

አንድ ሰው ብቻ ቢቀባ ደግሞ ዋጋ የለውም። የማያሳክከውም ጭምር፣ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይቀባል። ተባዩ ገብቶበት ማሳከክ ያልጀመረው ሰው አለ። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ለአንድ ሳምንት ይቀመጣል። ተባዩ የሰው ገላ ካጣ ጥቂት ቀን እንጂ አይኖርም። ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ በየቀኑ እየደጋገማችሁ አትቀቡ፤ ቆዳውን ያቃጥላል።

እንግዲህ አስቡት። የእከክ ቤት ውስጥ ስቴሮይድ ቢገባስ? ማሳከኩ ይቀንሳል፤ ተባዩ ይራባል። ያው የውሻውና የጅቡ ነገር ነው።

የማያሳክከው ይብሳል

የሚያሳክከው ሰው መድኃኒት ይፈልጋል። የማያሳክከው ዝም ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

በቆዳችሁ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ቦታ ቢወጣ፣ ባያሳክክም፣ ባያምም፣ አንድ ነገር ሞክሩ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሌላ ሰው በጥጥ ጫፍ ወይም በዶሮ ላባ ቦታውን ይንካው። ተነካሁ ካላችሁ ጥሩ ነው። ሲነካ ካልተሰማችሁ ግን ቅባት ፍለጋ አትሂዱ። በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ደንግጣችሁ ወረቀቱን አትጣሉት። ሥጋ ደዌ ዛሬ የሚድን በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠትን ከመከረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኪኒኑ በነፃ ይሰጣል፤ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወሰዳል። በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ ይገኛሉ። ጣቱን የሚያጣው ዘግይቶ የመጣው ነው። ዘግይቶ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ቤቱ ሆኖ ቅባት ሲቀባ የከረመው ነው።

በወላይታና በከምባታ፣ በእኛም ሐድያ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሄደ ሰው እግሩ ያብጣል። ይህንንም ቅባት ብቻውን አያድነውም። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማለስለሻ መቀባትና ጫማ ማድረግ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ብዙ ያቀላሉ።

ቱቦው የተጻፈው በማን ፊደል ነው?

አሁን ወደ መድኃኒት ቤት እንሂድ። እናንተ ማንበብ ተምራችኋል። ቱቦውን ታነሣላችሁ። ግን ጽሑፉ በላቲን ፊደል ነው! ሀ ሁ የለበትም። ታዲያ ምን ይደረግ?

እህቴ ቤት የተደረገውን ልንገራችሁ። አባትየው ፊደል የቆጠረው በትልቅነቱ ነው፤ በአማርኛ ነው የሚያነበው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐድያኛም በሀ ሁ ተጽፎ ይሰጥ ነበር። ኋላ ግን ሐድያኛ በላቲን ፊደል ተጻፈ። ስለዚህ ሰባት ዓመቷ የሆነው ልጅ ትምህርት ቤት የተማረችው ፊደል ሌላ ነው። አባቷ የማያውቀውን የቱቦውን ፊደል እሷ ታውቀዋለች። ትርጉሙን ግን አታውቅም።

ማታ በኩራዝ ብርሃን ተቀመጡ። ልጅቷ በላቲኑ አንድ በአንድ ትጠራለች። አባቷ የሰማውን በሀ ሁ ይጽፋል። «ክሎ... ትሪ... ማ... ዞል።» ጤና መኮንኑ በወረቀት ላይ በአማርኛ ከጻፈላቸው ስም ጋር አስተያዩት። ገጠመ። እኔ እንኳ ከትምህርት ቤት ደጅ ብዙ ዓመት የቆየሁት ሰው ይህን የመሰለ ንባብ አላየሁም።

ልጅ የሌለው ቤት ቢሆን ደግሞ፣ መድኃኒት ሻጩን «ስሙን፣ ለምን እንደሆነ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን እንደምቀባው በአማርኛ ካርቶኑ ላይ ጻፍልኝ» በሉት። መብታችሁ ነው። ካልጻፈላችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። «ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። ይህችን አንድ ቃል ሸምድዷት።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ቁጥሩ ነው። የመድኃኒቱ ማብቂያ ቀን የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቱቦው ላይ ወሩ 06፣ ዓመቱ 2026 ቢል፣ ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስላል። አይደለም። የእኛ ሰኔ 2018 ማለት ነው። ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ ስምንት ቀንሱ። ወሩ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ባለው ውስጥ ከሆነ ግን ሰባት ነው የምትቀንሱት። በዚህ ስሌት ያልተጠነቀቀ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት ያለፈበትን መድኃኒት ይገዛል።

ስለ ፊት ቅባት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማድያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል እየተባለ በየገበያው የሚሸጥ ስም የለሽ ቅባት አለ። አንዳንዱ ውስጥ ያው ክሎቤታሶል ይገኛል። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ሜርኩሪ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ለሠርጓ ፊቷን ያቀላች ልጅ ከሠርጉ በኋላ ቅባቱን ስትተው ፊቷ ይቆጣል፤ ይነድዳል። ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበትን ነገር ፊታችሁ ላይ ምን ቁርጥ አድርጎ ያስቀባችኋል?

የእህቴ ልጅ ለአምስት ሳምንት ተቀባች። በሁለተኛው ሳምንት ለመታየት ተመልሳ ሄደች። መጀመሪያ አንገቷ ጠራ። ቀጥሎ ትከሻዋ። ክንዷ ላይ ለጥቂት ጊዜ ነጣ ያለ ጠባሳ የመሰለ ነገር ነበር፤ እሱም ቀስ በቀስ የቆዳዋን መልክ ያዘ። የጥጃው ዓይን ዙሪያም ፀጉር አብቅሏል።

ጎረቤታችን እጃቸው ክረምት ላይ ሲሰነጠቅ እንደገና ሐኪም ዘንድ ሄደው አዲስ ቱቦ ተሰጣቸው። ወደ እህቴ ቤት ይዘውት መጡ። ልጅቷን «ነይ እስቲ፣ ያንቺ ይሁን የእኔ አንብቢልኝ» አሏት። አነበበችላቸው። ከዚያ እስክሪብቶ አምጥታ ካርቶኑ ላይ የእሳቸውን ስም ጻፈች። ከሥሩም አባቷ በአማርኛ «ለእጅ ችፌ፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም» ብሎ ጨመረበት።

ጎረቤታችን ካርቶኑን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። «ሁለት ፊደል ለአንድ ቱቦ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ቡናው ቀረበ።